ሳሳ ያለው አጥርና የአያ ትዕዛዙ ደለል

አያ ትዕዛዙ አልሰጥም ያሉት፣ ከቆሰበር ወደ ጥርባ በሚወስደው መንገድ ግርጌ፣ በአንድ ቦረቦር ሆድ ውስጥ የተኛችውን፣ ጥንድ በሬ በግማሽ ቀን አርሶ የሚጨርሳትን ትንሽ የደለል መሬት ነው። አይታረስባትም፤ ከብትም አይሰማራባትም። የወንድሞቻቸው ልጆች መጥተው ለከሰል የሚሆነውን የደከረንስ ዛፍ እንትከልባት ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ በዚህ ማንም አልተገረመም። ከዚያ በኋላ ግን የቀበሌው ፈረሰኞች ማኅበር መጥቶ ጠየቃቸው። አያ ትዕዛዙ ከማኅበሩ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰልፍ የጋለቡ፣ የጥር ሃያ ሦስቱ የፈረስ በዓል በደረሰ ቁጥር የፈረሳቸውን ጋማ በገዛ እጃቸው የሚጎነጉኑ ሰው ናቸው። ለማኅበሩም እምቢ ማለታቸው ሲሰማ የአካባቢው ሰው ጆሮውን አላመነም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድሞ የሰውየውን እጅ ማወቅ ያስፈልጋል። አያ ትዕዛዙ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። አፋቸውን የፈቱት በአዊኛ ነው፤ ከፈረሳቸውና ከቀርከሃቸው ጋር ዛሬም በእርሱው ይነጋገራሉ። አማርኛውን በትምህርት ቤትና በገበያ ስለተማሩት፣ ለእንግዳ ሲናገሩ ቃሉን እንደ ስንጥር እየመረጡ ነው የሚያወጡት። ሥራቸው ቀርከሃ ነው፤ ቅርጫት፣ ጎተራ፣ ሌማት መሸፈኛ፣ የጋጣ በር፣ ሰው ያዘዛቸውን ሁሉ ይሠራሉ። ከእጃቸው የወጣ ጎተራ ጤፍ ቢሞላ አንዲት ፍሬ አያፈስም። በቆሰበር ገበያ ሥራቸውን የምትሸጠው ዋሂዳ የምትባል ነጋዴ፣ ከጫግኒ የመጣ ገዢ ሲያመነታባት ብዙ አትከራከርም፤ ቅርጫቱን ነጭ ጤፍ ትሞላና ከጥቁር ሻሿ በላይ ከፍ አድርጋ ትነቀንቀዋለች። «አንዲት ፍሬ ሻሼ ላይ ካየህ በነጻ ውሰደው» ትላለች። እስከ ዛሬ በነጻ የወሰደ የለም። አያ ትዕዛዙ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ እንጂ ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም። ጥብቅ አድርጎ መሥራት ለእርሳቸው ሙያ ብቻ አልነበረም፤ የሰውነት መለኪያ ነበር። የመጀመሪያው ስህተታቸውም የመጣው ከዚሁ ከሙያቸው ነው።

ከቤታቸው በላይ ያለው ተዳፋት በልጅነታቸው ዘመን ቀርከሃው እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሰማይ የማያሳይ ነበር። ደኑ ቀስ በቀስ ተመነጠረ። የመነጠረው አንድ ሰው አይደለም፤ አያ ትዕዛዙም ገጀራ ይዘው የገቡበት ስለሆነ ድርሻቸውን አይክዱም። ተዳፋቱ ሲራቆት የክረምቱ ውሃ መንገድ አገኘ። በመጀመሪያው ዓመት ማረሻ የጫረው የሚመስል መስመር ነበር፤ በሦስተኛው ጥጃ የሚወድቅበት ቦይ ሆነ፤ በአሥረኛው ግን አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል መመልከት የሚያስፈራ ቦረቦር ሆኖ የእርሻቸውን እኩሌታ ዋጠ። ዝናቡ በበረታ ቁጥር አፋፉ ሲናድ ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ «ዛሬ ደግሞ ምኑን ወሰደብን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ አያ ትዕዛዙም ከደጅ ሆነው «የገብሱን ዳር» ወይም «የድንቹን ራስ» ብለው ይመልሳሉ። 

በአንድ ግንቦት አያ ትዕዛዙ ቆረጡ። ቦረቦሩን ከግራ ቀኝ የሚያገናኝ፣ ቁመቱ እስከ ሰው ደረት የሚደርስ አጥር በቀርከሃ ሠርተው አቆሙበት። እንደ ጎተራው ሁሉ ጣት ቀርቶ መርፌ የማያስገባ አደረጉት። ሲጨርሱ ጎረቤቱን ጠሩና፣ ዋሂዳ በገበያ እንደምታደርገው፣ አንድ እፍኝ ጤፍ አጥሩ ላይ በተኑበት። አንዲትም ፍሬ አላለፈችም። ሰዉ አጨበጨበ፤ መረቀ። ስህተቱ በዚያች እፍኝ ጤፍ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ከተሰበሰበው ሰው መካከል ያየው አልነበረም።

የሰኔው ጎርፍ አጥሩን አልሰበረውም። ማለፊያ ሲያጣ ከኋላው ተጠራቀመ፤ ክብደቱ ሲበዛ ከሥር ቆፈረ፤ ከጎን ሸረሸረ፤ በመጨረሻም አጥሩን ከነካስማው ነቅሎ እንደ ታንኳ አንሳፍፎ ይዞት ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ በጫግኒ መንገድ ድልድይ ሥር ተሸጉጦ ተገኘ። አንድ ስንጥር አልተሰበረም፤ አንድ ቋጠሮ አልላላም። ያገኙት የወይዘሮ ይታይሽ ታላቅ ወንድም፣ የፈረሰኞቹ ማኅበር ሰብሳቢ አቶ ወገኔ ነበሩ። በትከሻቸው ተሸክመው፣ በገበያው መካከል አቋርጠው፣ ለሚያገኙት ሁሉ ቆመው እየተረኩ መጡ።

«ትዕዛዙ! ጎርፉን ያቆማል ያልከው አጥር ከጎርፉ ቀድሞ ጫግኒ ሊገባ ሲሮጥ ያዝኩት!»

«አምጣው ወዲህ።»

«አልሰጥህም። ይህን የመሰለ ሥራ ጎርፍ ላይ ማባከን ግፍ ነው። ለጥጃዎቼ በር አደርገዋለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉት። ከዚያ ወዲህ በአቶ ወገኔ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ፣ ሳይቀመጥ፣ የዚያን የጥጃ ጋጣ በር ታሪክ መስማት ግዴታው ሆነ።

አያ ትዕዛዙ በሁለተኛው ዓመት ይበልጥ አጥብቀው ሠሩ፤ ጭቃም መረጉበት። እርሱ ከድልድዩም አልፎ ሄደ፤ ወሬው እንኳ አልተገኘም። በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ዳግም ሲብት፣ አያ ትዕዛዙ እጃቸውን አጣጥፈው ደጃፍ ተቀምጠው ሳሉ፣ ወይዘሮ ይታይሽ የተፈጨ ዱቄት በወንፊት ይነፉ ነበር። አንገታቸውን ሳያቀኑ ተናገሩ።

«አንት ሰው፣ እስቲ ልጠይቅህ። ከዚህ ጎርፍ የምትፈልገው ምኑን ነው? ውሃውን ነው አፈሩን?»

«አፈሩን ነው እንጂ! ውሃውማ ምን ያደርግልኛል?»

«ታዲያ ውሃውን ለምን ታስረዋለህ? ልቀቀው ይሂድ። አንተ ጎተራ ትሠራለህ፤ የሚያስፈልግህ ወንፊት ነው።»

አያ ትዕዛዙ ተነሥተው ወጡ፤ ቅር እንዳላቸው ከአካሄዳቸው ያስታውቅ ነበር። ነገሩ እውነት መሆኑ አልነበረም ቅር ያሰኛቸው፤ እውነቱን ለመፈጸም በገዛ እጃቸው ሆን ብለው ሳሳ ያለ ሥራ መሥራት ሊኖርባቸው ነው። ዕድሜ ልኩን ጥብቅ ሲሠራ ለኖረ እጅ ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሰው እንዳያያቸው ገና ሲነጋጋ ተነሥተው ይወርዱ ጀመር። ስንጥሩን አራርቀው ሲያያይዙ እጃቸው አልታዘዝ እያለ በልማዱ ይጠጋጋል፤ ፈትተው እንደገና ያራርቁታል። በአራተኛው ማለዳ ግን አቶ ወገኔ በፈረስ ሲያልፉ ከአፋፉ ላይ ሆነው አዩዋቸው።

«ትዕዛዙ፣ ዓይንህ ደከመ እንዴ? በዚህማ ዶሮ ከነጫጩቷ ታልፋለች!»

«ትለፍ። ዶሮ የከለከለ የለም።»

«ዋሂዳ ይህን ብታይ ጤፏን ይዛ ትሸሻለች።»

«መንገድህን ሂድ ወገኔ፤ ፈረስህ ቁርሱን ይፈልጋል።»

ሳሳ ያሉ ሦስት አጥሮች በቦረቦሩ ውስጥ እንደ ደረጃ ተከታትለው ቆሙ። ሰኔ መጣ። ጎርፉ የመጀመሪያውን አጥር ሲነካው እንደ ለመደው አልተቆጣም፤ በቀዳዳዎቹ ሁሉ ተከፋፍሎ አለፈ፤ ሲያልፍም ጉልበቱ ስለደከመ የተሸከመውን አስቀመጠ። መጀመሪያ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ በሦስተኛው አጥር ደግሞ እንደ ዱቄት የላመውን አፈር። በመስከረም ውሃው ሲጎድል ከየአጥሩ ኋላ ክንድ ያህል የሚሆን፣ ጠፍጣፋና ጥቁር ደለል ተኝቶ ተገኘ። አያ ትዕዛዙ በመስቀል ማግሥት ወርደው፣ ደለሉ በደረሰበት ልክ በካስማው ላይ በቢላ አንድ ምልክት ቆረጡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዚያች ቀን አንድ ምልክት ይቆርጣሉ። አጥሩ ሲዋጥ በላዩ ሌላ ይቀጥላሉ። ምልክቶቹ ዛሬ ሰባት ደርሰዋል።

ሳሳ ያሉት አጥሮች በቆሙ በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ሌላ ስህተት ሠሩ፤ እርሱንም ሲተርኩ አይሸሽጉም። ደለሉ ጥቁርና ለም መሆኑን አይተው ድንች ተከሉበት። ድንቹ አማረ፤ ጎረቤቱም ተመኘ። ነገር ግን የተቆፈረው አፈር ልል ሆኖ ስለቆየ የሐምሌው ውሃ ድንቹንም የሁለት ዓመቱንም ደለል ጠራርጎ ወሰደ። የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ እርሱም ዶማ ያልነካው፣ ሰርዶ ራሱን በራሱ የዘረጋበት ጥግ ነው። አያ ትዕዛዙ ያንን ጥግ ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶማ ወደዚያ አልወረደም።

እናም የመጣው ሁሉ በየተራው መጣ። ሰርዶው ደለሉን ሰፍቶ ያዘው፤ በሰርዶው መካከል የማገጥ አበባ ፈካ፤ እርጥበቱ በሚበዛበት እንግጫ ቆመ። በአራተኛው ዓመት የአኻያ ቡቃያ ታየ፤ ዘሩን ከየት እንዳመጣው ውሃው ብቻ ያውቃል። ቦረቦሩ የዋጠው ምንጭ፣ ሁሉም የረሳው ምንጭ፣ በሦስተኛው አጥር ሥር ቀጭን ሆኖ ይወርድ ጀመር። ከዚያ እንቁራሪቶቹ ገቡ። ወይዘሮ ይታይሽ በክረምቱ ማታ ማታ ጩኸታቸውን ሲሰሙ «እነዚህን ደግሞ ማን ጠራቸው?» ይላሉ፤ አያ ትዕዛዙም «እኔ እንዳልጠራኋቸው ምስክሬ አንቺ ነሽ» ይላሉ።

ኋላ ላይ፣ በአምስተኛው ዓመት መስከረም፣ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ምሕረት የምትባል ወጣት መምህርት የመለኪያ ገመድና የአፈር መሰርሰሪያ ይዛ ወደ ቦረቦሩ ወረደች። የሰፈሩን ቦረቦሮች ሁሉ ስታጠና ነው የደረሰችው። አያ ትዕዛዙ ከኋላዋ እየተከተሉ አዩዋት።

«ልጄ፣ የምትለኪው ምኑን ነው?»

«ደለሉን ነው አያ። በየዓመቱ ምን ያህል እንደተኛ፣ በላዩም ምን እንደበቀለ።»

«እሱማ ተጽፏል እኮ» አሉና ካስማውን አሳዩዋት።

ምሕረት ምልክቶቹን ከመሰርሰሪያዋ ጋር አስተያየች። ልዩነቱ ከጣት ውፍረት አያልፍም ነበር። መሣሪያዋን አስቀምጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቀችም።

«አያ ትዕዛዙ፣ እኔ ይህን ለመማር ኡጋንዳ ድረስ ሄጄ ነበር። ሩዌንዞሪ የሚባል ተራራ አለ፤ ምድር ወገብ አጠገብ ሆኖ ጫፉ ላይ የበረዶ ግግር የተሸከመ።»

«በረዶ? እኛም ዘንድ ሐምሌ ላይ ይጥላል።»

«የእናንተ ሰዓት አይቆይም። ያኛው ከቅድመ አያት ዘመን ጀምሮ ሳይቀልጥ የተጋገረ ነው። አሁን ግን ምድር እየሞቀች ስለሆነ በየዓመቱ ወደ ላይ እየሸሸ ነው።»

«ሲሸሽ በሥሩ ምን ይተዋል?»

«ሲፈጨው የኖረውን ድንጋይ። ግማሹ ቋጥኝ፣ ግማሹ ዱቄት የመሰለ ደለል። የቀለጠው ውሃ ደለሉን ይዞ ሲወርድ ጅረቱን ወተት ያስመስለዋል፤ ኩሬውን ይሞላዋል፤ ሜዳ ያገኘ ቦታ ደግሞ ያስተኛዋል።»

«ማን ይዘራበታል?»

«ማንም። መጀመሪያ ድንጋዩን እንደ ሽበት ያለ ነጭ ቅርፊት ይይዘዋል፤ ቀጥሎ ሣር፤ ቀጥሎ ነፋስ ያመጣው ቁጥቋጦ። ከበረዶው አፍ ተነሥተው ቁልቁል ቢራመዱ ዓመታቱን በእግርዎ ይቆጥሯቸዋል፤ ከላይ የአምናው ራቁት ድንጋይ አለ፣ ታች ሲደርሱ በአባቶች ዘመን የተገለጠው መሬት ለምልሞ ያገኙታል።»

አያ ትዕዛዙ በደስታ ጭናቸውን መቱ። «እንግዲያ እዚያም ዘመድ አለኝ በይኛ! ደስ ይላል በሞቴ።»

«ግማሹ ደስ ይላል» አለች ምሕረት። «የሚመጣው ሕይወት ያስደንቃል። የሚሄደው በረዶ ግን አይመለስም፤ ከታች ደግሞ ውሃውን የሚጠብቅ ሰው አለ። የእርስዎ ደለል ይሻላል፤ የሚያሳዝን ጎን የለውም።»

«አለው እንጂ ልጄ። ከላይ የወረደው የኔው እርሻ ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ስትነሣ አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ በእንዲህ ያለ ለጋ መሬት ላይ እዚያ ተራራ ላይ የሚሠሩት ሰዎች ድንጋይ እየመረጡ ነው የሚረግጡት፤ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ሥሩ ገና አልጸናም፤ አንድ ጥልቅ ዳና ለከርሞው ውሃ በር ይከፍታል። አያ ትዕዛዙ በማግሥቱ ከዳር እስከ ዳር የመረገጫ ድንጋዮች ደረደሩ። ከዚያ ወዲህ እርሳቸውም በድንጋዮቹ ላይ ብቻ ነው የሚሄዱት። ምሕረት በየመስከረሙ ትመጣለች፤ ከመሰርሰሪያዋ በፊትም ካስማውን ታያለች።

በስድስተኛው ዓመት፣ ከላይኛው አጥር ኋላ፣ ደለሉ ከፍ ብሎ በደረቀበት ቦታ፣ አያ ትዕዛዙ አንዲት ቡቃያ አገኙ። ቅጠሏ ረዘም ያለ፣ ጫፉ እንደ መጋዝ የተሞረደ፣ ለስላሳ ጠጉር የለበሰ ነበር። ተንበርክከው አዩዋትና ወይዘሮ ይታይሽን ጠሩ። ኮሶ ነበረች። ከተማው ስሙን ያገኘው ከኮሶ ነው፤ ቆሰበር ማለት የኮሶ በር ማለት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ነገር ግን በዚያ ተዳፋት ኮሶ ከታየ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የተከላት ሰው የለም። ባልና ሚስቱ በመረገጫው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ቆመው አዩዋት፤ ወይዘሮ ይታይሽም «አደራ፣ ለወገኔ እንዳትነግረው፤ ፈረሱን ሊያስርባት ይመጣል» አሉ።

የወይዘሮ ይታይሽ ቀልድ በዓመቱ እውነት ሊሆን ጥቂት ቀረው። ባለፈው ታኅሣሥ አቶ ወገኔ አራት ፈረሰኞች አስከትለው መጡ። የማኅበሩ የቀድሞው መለማመጃ ሜዳ ለሌላ ጉዳይ ተከልሎ ስለነበር፣ ለጥር ሃያ ሦስቱ ጉግስ ፈረሶቹን የሚያሟሹበት ቦታ አጥተዋል። ከአፋፉ ላይ ሲያዩት የአያ ትዕዛዙ ደለል የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል፤ ጠጠር የለው፣ ጉብታ የለው።

«ትዕዛዙ፣ ለአንድ ወር ብቻ። ለልምምድ።»

«አይሆንም።»

«ለራስህ ማኅበር?»

«ለራሴ ማኅበር ፈረሴን ጠይቁኝ፤ ጉልበቴን ጠይቁኝ። ይህን አትጠይቁኝ።»

አቶ ወገኔ ከንዴታቸው የተነሣ ፈረሳቸው ላይ ተነቃነቁ። «እንግዲያማ ስማኝ። በበዓሉ ዕለት ከእኛ ጋር ለመሰለፍ እንዳትመጣ። ለማኅበሩ አንድ ጋት መሬት የነፈገ ሰው በማኅበሩ ሰልፍ ውስጥ ቦታ የለውም።»

ይህ ቃል አያ ትዕዛዙን የት እንደሚያማቸው አቶ ወገኔ በሚገባ ያውቃሉ። ቦራ የሚሉት የአያ ትዕዛዙ ፈረስ አርጅቷል፤ ምናልባት ከዚህ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት በዓል ቢጋልብ ነው። አያ ትዕዛዙ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ነገር ግን ከቆሙበት ድንጋይ አልወረዱም።

«ሥሩ እርጥብ ነው ወገኔ። ለፈረስም አይሆንም።»

«እርጥብ! በታኅሣሥ!» አሉ አቶ ወገኔ ወደ ጓዶቻቸው ዞረው። «ሰውየው መሬት ላለመስጠት ዝናብ ያዘንባል። ቆይ፣ እኔ ላሳይህ።»

ማንም ሳይከለክላቸው ዳማውን ፈረሳቸውን በታችኛው ዳር በኩል አስገቡት። ፈረሱ ሦስት እርምጃ ተራመደ፤ ቅርፊቱ ቻለው። በአራተኛው እርምጃ ቅርፊቱ ተሰብሮ የፊት እግሮቹ እስከ ጉልበት፣ ቀጥሎም እስከ ሆዱ ሰመጡ። አቶ ወገኔ በፈረሱ አንገት ላይ ተንሸራተው ጭቃው ውስጥ በግንባራቸው ተደፉ። ፈረሱ በተንፈራገጠ ቁጥር ይበልጥ ይሰምጥ ነበር፤ አራቱ ሰዎች ሊረዱ ሲገቡ እነርሱም ተያዙ፤ በጭንቅ ተመልሰው ወጡ።

ወይዘሮ ይታይሽ ከአፋፉ ላይ ሁሉንም አይተው ነበር። «ወንድሜ!» ብለው ጮኹ። «የጥጃህን በር አስመጣ!»

የአቶ ወገኔ ቤት ቅርብ ነው። ከፈረሰኞቹ ሁለቱ ሮጡና ያንን የጋጣ በር፣ በጎርፍ ተጉዞ የመጣውን፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእንግዳ መሳቂያ የነበረውን አጥር፣ ከማጠፊያው ነቅለው ተሸክመው መጡ። በፈረሱ ፊት ዘረጉት። አያ ትዕዛዙ በላዩ በሆዳቸው ተኝተው ገመድ ከደረቱ ሥር አሳለፉ፤ ሁሉም ከዳር ሆነው ሳቡ። ዳማው መጀመሪያ አንዱን እግሩን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን በጥብቁ ቀርከሃ ላይ አሳረፈ። ቀርከሃው ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም፤ ጭቃም አላሾለከ። ፈረሱ ተስፈንጥሮ ወጣና እየተንቀጠቀጠ ዳር ቆመ።

አቶ ወገኔ ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ሆነው፣ ዓይናቸው ብቻ እየታየ፣ አጥሩን ጎንበስ ብለው ዳበሱት።

«ትዕዛዙ፣ ይህ ነገር አንድም ስንጥር አልተሰበረም።»

«እንደዚያ ነው የምሠራው» አሉ አያ ትዕዛዙ።

ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ እዚህ ያበቃ ይመስለዋል፤ አቶ ወገኔን አያውቃቸውም። በሚቀጥለው እሑድ ታጥበው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ተመለሱ። ነገሩን በእርቅ ለመጨረስ ነው የመጡት፤ ያመጡትም ሐሳብ አሳማኝ ነበር። የታችኛው እርጥብ መሆኑን በገዛ ግንባሬ አይቻለሁ አሉ፤ እርሱን አንነካም። የላይኛው ደለል ግን ደርቋል፤ በበትር ወግተን አይተነዋል፤ ፈረስ ይችላል። እርሱን ብቻ ለበጋው ወራት ብትሰጠን፣ ዘንድሮ በሰልፉ ፊት፣ ከሁላችን ቀድመህ፣ ቦራህን ይዘህ ትጋልባለህ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ማኅበር ውስጥ በፊት መቅደም ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚመኘው ክብር ነው፤ አያ ትዕዛዙም ሠላሳ ዓመት ከመካከል እየጋለቡ ተመኝተውታል።

ሁሉም በመረገጫው ድንጋይ ላይ ቆመዋል። አያ ትዕዛዙ የዳማው ኮቴ የቆፈራቸውን፣ ራሳቸው በጠጠርና በሰርዶ የደፈኗቸውን ጉድጓዶች አዩ። ቀና ብለው ደግሞ የላይኛውን ደለል አዩ፤ ኮሶዋ እዚያ ናት፤ ቁመቷ አሁን ከጉልበት አልፏል። ወይዘሮ ይታይሽ ከኋላ ሆነው ባላቸው ምን እንደሚሉ ጠበቁ።

በጥር ሃያ ሦስት አያ ትዕዛዙ በሰልፉ መካከል፣ በድሮው ቦታቸው፣ ቦራን ሲጋልቡ ታይተዋል፤ ቦታውን ያስጠበቁላቸውም አቶ ወገኔ ራሳቸው ናቸው። አዲስ የመለማመጃ ሜዳም ከጥርባ ማዶ ተገኝቷል። ያንን እሑድ መልስ ሲሰጡ ግን አያ ትዕዛዙ ይህ ሁሉ እንደሚሆን አያውቁም ነበር፤ ከሰልፉ ለዘለዓለም እንደሚወጡ አምነው ነው የተናገሩት። መልሳቸው ይህ ነው፦

«ወገኔ ወንድሜ፣ አባቶቼም፣ ስለመጣችሁ አከበራችሁኝ። በፊት መቅደም አልወድም ብል ውሸቴን ነው፤ እወዳለሁ፤ ቦራም ይወዳል። ይህችን መሬት ግን እኔ አልሠራኋትም። እኔ የሠራሁት አጥሩን ብቻ ነው፤ እሱንም በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያፈርኩበትን። ደለሉን ውሃ አመጣው፤ ሰርዶው ራሱ መጣ፤ እንቁራሪቶቹን የጠራ የለም፤ ኮሶዋን ነፋስ ይሁን ወፍ ያመጣት ለኔ አልነገረኝም። እያንዳንዳቸው በተራቸው፣ ሳይገፋፉ፣ ገብተው ቦታቸውን ያዙ። እኔ በሩን ሳሳ አድርጌ ከፈትኩላቸው እንጂ ውጡ ለማለት ምን ሥልጣን አለኝ? ደርቋል ትላላችሁ፤ አዎ ደርቋል፤ የደረቀው እናንተ እንድትጋልቡበት አይደለም፤ የሚቀጥለው እንዲመጣ ነው፤ ምን እንደሚመጣ ደግሞ እኔም አላውቅም፤ ለማየት ነው የምቆየው። በፊት ሌላ ሰው ይቅደም። ከኋላም አሰልፉኝ፤ ከሰልፉም አውጡኝ፤ ዳር ቆሜ አጨበጭብላችኋለሁ። የጥጃ በር ብትሉኝ ዛሬ እጀምርላችኋለሁ፤ ጥብቅ አድርጌ። ይህችን ግን አልሰጥም። ዛሬም አልሰጥም፤ ለከርሞ ስትመጡም አልሰጥም፤ ስሞት ደግሞ ይታይሽን ጠይቋት፤ እሷ ከኔ ትብሳለች። በሉ አሁን በድንጋዩ በድንጋዩ ተራመዱና ወደ ቤት ግቡ፤ ጠላው ጠልሏል።»